የአንጎል ዕጢ የደም ሥሮች ቅርጽና የሕሙማን የወደፊት ዕጣ

መግቢያ

የፓቶሎጂ ስላይድ ማየት ስንጀምር አብዛኞቻችን ዓይናችንን የምንተክለው በዕጢው ሕዋሳት ላይ ነው። ኒውክሊየሱ ተልቋል ወይ? ቅርጹ ተዛብቷል ወይ? ስንት ሕዋስ ሲከፋፈል ይታያል? እያልን እንቆጥራለን። በሕዋሳቱ መካከል የሚያልፉትን የደም ሥሮች ግን እንደ ተራ የውሃ ቧንቧ አይተን እናልፋቸዋለን። በአንጎል ዕጢ ላይ እንዲህ ማድረግ አይቻልም። እዚህ የደም ሥሩ ራሱ የምርመራው አካል ነው፤ የዕጢውን ደረጃ ከሚወስኑት ነገሮችም አንዱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን ለመመለስ እሞክራለሁ። የአንጎል ዕጢ የደም ሥሮች ያን ሁሉ እንግዳ ቅርጽ የሚይዙት ለምንድን ነው? ቅርጻቸው ስለ ሕመምተኛው ዕድሜ ምን ይነግረናል? ክፉ የደም ሥር የክፉ በሽታ ምልክት ከሆነስ የደም ሥሩን ማጥቃት ዕድሜ ያረዝማል ወይ? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ የደም ሥር ቅርጽ ብዙ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን የዕጢውን ማንነት አስቀድሞ ለጠየቀ ሰው ነው። ብቻውን ሲነበብ ያሳስታል።

ይህ ደግሞ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ቤተሰብ «ይድናል ወይ? ስንት ጊዜ ይኖራል?» ብሎ ሐኪሙን ሲጠይቅ የመልሱ አንድ ክፍል የሚመጣው ነገ እኛ ከምናያት ስላይድ ነው።

1. የአንጎል የደም ሥር ከሌላው በምን ይለያል?

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ሆኖም በዕረፍት ላይ ያለ ሰው ከሚጠቀምበት ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። ስለዚህ ካፒላሪ በምንላቸው እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች መረብ ተሞልቷል። የእነዚህ ካፒላሪዎች ግድግዳ ልዩ ነው። ግድግዳውን ከውስጥ የሚሸፍኑት የኢንዶቴልየም ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ጥብቅ ብለው የተያያዙ ናቸው፤ ከውጭ ፔሪሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ያቅፏቸዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የአስትሮሳይቶች ጫፍ ይሸፍናቸዋል። ይህ በደምና በአንጎል መካከል ያለ አጥር ነው። በደም የሚዘዋወር ነገር ሁሉ ዘው ብሎ አንጎል ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው።

ክፉ ዕጢ የሚያበቅላቸው አዳዲስ የደም ሥሮች ይህ አጥር የላቸውም፤ ቢኖራቸውም የተበሳሳ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ፈሳሽ ከደም ሥሩ እያፈተለከ አንጎሉ ያብጣል። የራስ ቅል ደግሞ እንደ ሆድ አይለጠጥም። ሕመምተኛው ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲብስም ንቃቱን ያጣል። ዴክሳሜታሶን ሲሰጠው ቀለል የሚለው እብጠቱ ስለሚቀንስ እንጂ ዕጢው ስለጠፋ አይደለም። ሁለተኛ፣ ለኤም.አር.አይ. ምርመራ በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየም በእነዚያ ቀዳዳዎች ወጥቶ ዕጢው ውስጥ ይከማቻል፤ ምስሉም ላይ ደምቆ ነጭ ሆኖ ይታያል። እንግዲህ በምስሉ ላይ የምናየው ነጭ ቀለበት በዋናነት የሚያሳየን የግድግዳውን መፍረስ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

2. ዕጢው ደም የሚያገኘው እንዴት ነው?

ኦክስጅን ከካፒላሪ ወጥቶ በቲሹ ውስጥ ሊጓዝ የሚችለው ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ የራቀ ሕዋስ ይታፈናል። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጁዳ ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተሙት ሐሳብ የሚነሣው ከዚህ ነው፦ ጠጣር ዕጢ አዲስ የደም ሥር ካላበቀለ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ማደግ አይችልም፤ ስለዚህ ማብቀያውን ብንዘጋ ዕጢውን እናስርበዋለን። በጊዜው ብዙዎች ሐሳቡን አልተቀበሉትም ነበር።

ዕጢው የደም ሥር የሚጠራበት ኬሚካላዊ መልእክትም ቀስ በቀስ ታወቀ። ሕዋስ ኦክስጅን ሲያጣ ኤች.አይ.ኤፍ. የሚባል ፕሮቲን ይከማችበታል፤ እሱም ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለውን የደም ሥር አሳዳጊ ፕሮቲን ጂን ይቀሰቅሳል። ሕዋሳት የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚያውቁ ያሳዩት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በግሊዮብላስቶማ ውስጥ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. በብዛት የሚመረተው ከሞተው ቲሹ አጠገብ ባሉ ሕዋሳት መሆኑን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 በኔቸር መጽሔት ላይ ጎን ለጎን የወጡ ሁለት ጥናቶች አሳይተዋል።

ግሊዮብላስቶማ በአዋቂዎች ላይ ከሚነሡት የአንጎል ነቀርሳዎች ዋነኛውና ክፉው ነው። የደም ሥሩን ታሪክ እስቲ በቅደም ተከተል እናስቀምጠው። መጀመሪያ የዕጢው ሕዋሳት አዲስ የደም ሥር አያስፈልጋቸውም፤ ባለው ላይ ተለጥፈው፣ እየተከተሉት ይስፋፋሉ። ሐንስ ዮአኪም ሼረር ይህን ዓይነት አካሄድ እ.ኤ.አ. በ1938 ጽፈውታል። ዕጢው ሲጠቀጠቅ አንዳንዱ የደም ሥር በረጋ ደም ይዘጋል። በዙሪያው ያለው ቲሹ ይታፈንና ይሞታል፤ ይህ ኔክሮሲስ የምንለው ነው። ያልሞቱት ሕዋሳት ከዚያ እየሸሹ በሞተው ቦታ ዙሪያ እንደ አጥር እንጨት ተደርድረው ይታያሉ። እነዚህ የተራቡ ሕዋሳት ናቸው ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የሚረጩት። መልእክቱ የደረሳቸው ጎረቤት የደም ሥሮች ያለ ልክ ይባዛሉ። ለዚህ ነው ኔክሮሲስ ባየንበት አካባቢ ያበጡ የደም ሥሮችን መፈለግ ያለብን፤ ሁለቱ የአንድ ታሪክ ሁለት ምዕራፎች ናቸው።

3. በማይክሮስኮፕ የሚታዩት ቅርጾች

በትምህርታችን ከምንጠቀምበት ተራ ማቅለሚያ፣ ማለትም ከሂማቶክሲሊንና ኢዮሲን ባንወጣ እንኳ የሚከተሉትን መለየት ይቻላል።

ሀ) እኩል የተሠራጩ ቀጫጭን ካፒላሪዎች። ግድግዳቸው አንድ ረድፍ ሕዋስ ነው፤ የጤናማውን አንጎል የደም ሥር ይመስላሉ።

ለ) የዶሮ አጥር ሽቦ የሚመስል መረብ። አጫጭር ካፒላሪዎች እየተገናኙ ትናንሽ ዓይኖች ይሠራሉ። ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ በዚህ ይታወቃል።

ሐ) የተጠቀለለ ፈትል የሚመስል እብጠት። የኢንዶቴልየሙና የአጃቢ ሕዋሳቱ ቁጥር ስለበዛ ግድግዳው ድርብርብ ይሆናል፤ ብዙ ቀዳዳዎች ባንድ ላይ ይተበተባሉ። የኩላሊትን ግሎመሩለስ ስለሚመስል በዚያው ስም ይጠራል።

መ) ጉንጉንና ዘለላ። ያበጡት የደም ሥሮች በኔክሮሲሱ ዙሪያ እንደ አበባ ጉንጉን ይደረደራሉ፤ ወይም በአንድ ቦታ ይከማቻሉ።

ታዲያ በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ለሕመምተኛው ምን ማለት ነው? በአብዛኛው የቪየና ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2003 ብሬይን ፓቶሎጂ በተባለ መጽሔት የወጣ ጥናት ግሊዮብላስቶማ የያዛቸውን ሕሙማን ብቻ ወስዶ አነጻጽሯል። ያገኘው ውጤት፣ በዕጢያቸው ውስጥ በ«ሀ» የጠቀስኩት እኩል የተሠራጨ የካፒላሪ ቅርጽ የሚበዛባቸው ሰዎች ረዘም ያለ ጊዜ እንደኖሩ፣ በ«ሐ» እና በ«መ» የጠቀስኳቸው ቅርጾች የበዙባቸው ደግሞ ዕድሜያቸው አጠር እንዳለ ያሳያል። ልብ በሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት የዕጢ ስም ያላቸው ናቸው። በአንድ ስም ሥር እንኳ የደም ሥሩ ቅርጽ ልዩነት አሳይቷል።

ልዩነቱ የሚመዘነው ግን በጠበበ ጊዜ ውስጥ መሆኑን መርሳት የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ትልቅ የአውሮፓና የካናዳ ጥናት እንዳሳየው በጨረር ብቻ የታከሙት ሕሙማን ግማሽ ያህሉ በሕይወት የቆዩት 12.1 ወር ሲሆን፣ ቴሞዞሎማይድ የተጨመረላቸው ግን 14.6 ወር ነው። በሁለተኛው ክፍል ሁለት ዓመት የደረሱት 26.5 በመቶ፣ በመጀመሪያው 10.4 በመቶ ነበሩ። «ረዘም ያለ ዕድሜ» ስንል በዚህ ሚዛን ነው።

4. ቁጥር ወይስ ቅርጽ?

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «የደም ሥሩን መቁጠር አይቀልም ወይ?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በጡት ነቀርሳ ላይ የወጣ ታዋቂ ጥናት የደም ሥር በበዛበት ቦታ ቆጥሮ፣ ቁጥሩ ከበሽታው መሠራጨት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በአንጎል ዕጢ ላይም ተሞከረ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ካንሰር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የደም ሥር ብዛት ዕድሜን እንደሚተነብይ ጻፈ። በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን እርስ በርስ አልተስማሙም።

ለምን? አንደኛ፣ ቆጣሪው የሚመርጠው ቦታ ውጤቱን ይለውጠዋል፤ ግሊዮብላስቶማ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እጅግ የተለያየ ነው። ሁለተኛ፣ ጤናማው ግራጫ አንጎልም በካፒላሪ የበለጸገ ስለሆነ ብዛት ብቻውን ክፋትን አያሳይም። ሦስተኛ፣ ሃያ ቀጫጭን ካፒላሪዎችና ሃያ የተተበተቡ እብጠቶች በቁጥር እኩል ናቸው፤ በትርጉም ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

በኤም.አር.አይ. የደም መጠን መለካትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ራዲዮሎጂ በተባለ መጽሔት የወጣ የ189 ሕሙማን ጥናት፣ በዕጢው ውስጥ ያለው የደም መጠን ከጤናማው ነጭ አንጎል ከ1.75 እጥፍ በላይ ሲሆን በሽታው ቶሎ እንደሚገፋ አሳይቷል። ጠቃሚ መለኪያ ነው። ነገር ግን ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ ዝቅተኛ ደረጃ ሆኖ እያለም በዚያ በሽቦ መሰል መረቡ ምክንያት ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ይህ ዕጢ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው ለብዙ ዓመታት ይኖራሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የዕጢውን ስም ሳናውቅ ያነበብነው እንደሆነ ግን ሰውን ያለ ጊዜው እናስለቅሳለን።

5. ያው ቅርጽ፣ ሌላ ዕጢ

የጽሑፌ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በልጆች የኋለኛው አንጎል ውስጥ በብዛት የሚገኝ ፓይሎሳይቲክ አስትሮሳይቶማ የሚባል ዕጢ አለ። በስላይድ ላይ ብታዩት እነዚያ እንደ ፈትል የተጠቀለሉ የደም ሥሮች አሉበት። በኤም.አር.አይ. ላይም ጋዶሊኒየም ይወስዳል፤ ደምቆ ይታያል። የግሊዮብላስቶማን ትምህርት ብቻ የተማረ ሰው «ደረጃ 4» ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ነገር ግን ይህ በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ደረጃ 1 የሆነ ዕጢ ነው። በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ከወጣ ልጁ ሊድን ይችላል፤ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት ከ90 በመቶ በላይ ናቸው። አንድ ዓይነት የደም ሥር፣ በአንዱ ላይ የወራት፣ በሌላው ላይ የዕድሜ ልክ ትርጉም አለው ማለት ነው።

ሄማንጂዮብላስቶማም ሌላው ምሳሌ ነው። ዕጢው ከሞላ ጎደል የደም ሥር ብቻ ይመስላል፤ ሆኖም ደረጃ 1 ነው። አንዳንዶቹ ሕሙማን ቮን ሂፕል ሊንዳው የተባለ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለባቸው። በዚህ በሽታ የሚበላሸው ጂን ኤች.አይ.ኤፍ.ን የሚያስወግደው ነው። ኦክስጅን ሞልቶ እያለ ሕዋሱ «ታፈንኩ» ብሎ ይጮኻል፤ የደም ሥርም ይጠራል። ስለዚህ የደም ሥር መብዛት ሁልጊዜ የክፋት ምልክት አይደለም፤ የተሳሳተ ጥሪ ውጤትም ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው አመዳደብ ይህን ሐሳብ በሕግ መልክ አስቀምጦታል። በአዋቂ ሰው ላይ ወደ ጤናማው አንጎል የሚሠራጭ አስትሮሳይቶማ ተገኝቶ የአይ.ዲ.ኤች. ጂኑ ካልተለወጠ፣ የደም ሥር መባዛት ወይም ኔክሮሲስ መታየቱ ግሊዮብላስቶማ ለማለት ይበቃል። ሁለቱም ባይታዩ እንኳ የተወሰኑ የጂንና የክሮሞሶም ለውጦች ከተገኙ ስሙ ያው ነው። በሌላ በኩል የአይ.ዲ.ኤች. ጂኑ ከተለወጠ፣ ያው የደም ሥር መባዛት ዕጢውን ደረጃ 4 ቢያደርገውም ግሊዮብላስቶማ አይባልም፤ ሕሙማኑም በአማካይ የተሻለ ዕድሜ አላቸው። የደም ሥሩ ድምፅ አልተነፈገም፤ ከጎኑ ሌላ ምስክር ተቀመጠለት እንጂ።

6. ምልክቱን ማጥፋት በሽታውን ማጥፋት ነውን?

ወደ ፎክማን ሐሳብ እንመለስ። ቤቫሲዙማብ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ.ን ይዞ ሥራ የሚያስፈታ መድኃኒት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለተመለሰ ግሊዮብላስቶማ እ.ኤ.አ. በ2009 ፈቀደው። ብዙ ተስፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ገና በተመረመሩ ሕሙማን ላይ የተደረጉ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ውጤት ወጣ። በመጀመሪያው 921 ሰዎች ነበሩ፤ መድኃኒቱን ያገኙት በሽታው ሳይገፋ 10.6 ወር ቆዩ፣ ያላገኙት 6.2 ወር። ደስ ይላል። ጠቅላላ ዕድሜው ሲታይ ግን 16.8 ወር በ16.7 ሆነ። በሁለተኛው 637 ሰዎች ተካፈሉ፤ በሽታው ሳይገፋ የቆየው 10.7 ወር በ7.3 ሲሆን ዕድሜው 15.7 በ16.1 ነበር። ባጭሩ፣ ምስሉ ተሻለ፤ ዕድሜው አልረዘመም።

አሁን በመጀመሪያው ክፍል ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ ይጠቅመናል። መድኃኒቱ የተበሳሳውን የደም ሥር ግድግዳ ይጠግናል፤ ጋዶሊኒየሙ መውጫ ያጣል፤ ነጩ ቀለበት ይደበዝዛል። ዕጢው ግን በቦታው ሊኖር ይችላል። ራኬሽ ጄይን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳስረዱት፣ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የደም ሥሩን ከማጥፋት ይልቅ ለጊዜው ወደ ጤናማ መልኩ ይመልሱታል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ አዲስ የደም ሥር የተከለከሉ የግሊዮማ ሕዋሳት ባለው የደም ሥር ላይ እየተለጠፉ ሲስፋፉ ታይተዋል፤ ሼረር የጻፉት ያ የጥንቱ መንገድ ማለት ነው።

ይህ ማለት መድኃኒቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እብጠት ይቀንሳል፤ አንዳንድ ሕሙማን የሚወስዱትን ዴክሳሜታሶን እንዲቀንሱ ያደርጋል፤ ለተመለሰ ዕጢም እ.ኤ.አ. በ2017 መደበኛ ፈቃድ አግኝቷል። እኔ የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው። ጭስ እሳት እንዳለ ይናገራል፤ ጭሱን በመስኮት ማስወጣት ግን ቤቱን ከመቃጠል አያድነውም። ለትንበያ የሚረዳ ምልክት ሁሉ ለሕክምና የሚሆን ዒላማ አይደለም።

7. ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

የጂን ምርመራ በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ ተራው ማቅለሚያ አሁንም ዋናው መሣሪያ ነው። ስለዚህ የደም ሥርን በትክክል ማንበብ ለእኛ ቅንጦት አይሆንም። ካነበብኩት በመነሣት ለክፍል ጓደኞቼ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

ማይክሮስኮፑን ከመንካታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ሕመምተኛው ስንት ዓመቱ ነው? ዕጢውስ የት ነው ያለው? የስምንት ዓመት ልጅ የኋለኛ አንጎልና የስድሳ ዓመት ሰው የፊተኛ አንጎል አንድ አይደሉም።

ቀጥሎ በዝቅተኛ ማጉያ የደም ሥሮቹን አሠረጫጨት፣ በከፍተኛው ደግሞ የግድግዳቸውን ድርብርብነት እንይ። ቀዳዳው ስለሰፋ ብቻ «ተባዝቷል» አይባልም፤ የሕዋሳቱ ረድፍ መብዛት አለበት።

ቀድሞ በጨረር የታከመ ሰው ናሙና ከሆነ እንጠንቀቅ። ጨረር የደም ሥርን ግድግዳ ያወፍረዋል፣ እንደ ብርጭቆ ያለሰልሰዋል፤ ይህ ሌላ ነገር ነው።

ናሙናው ትንሽ ከሆነ «አላየሁም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ክፉው ቅርጽ ያለበት ጥግ ሳይቆረጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የኤም.አር.አይ. ምስሉን ከስላይዱ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም የጂን ምርመራ ካልተደረገ ይህንኑ በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ማስፈር ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብም ለዚህ የሚሆን ቦታ ትቷል። ያልተረጋገጠን ነገር እንደተረጋገጠ መጻፍ ሐኪሙንም ቤተሰቡንም ያሳስታል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የአንጎል ዕጢ የደም ሥሮች ቅርጽ የሚመጣው ከኦክስጅን ረሃብ፣ ከተዘጉ የደም ሥሮችና ከቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ጥሪ ነው። በግሊዮብላስቶማ ውስጥ የተተበተበው ቅርጽ ካጠረ ዕድሜ ጋር፣ እኩል የተሠራጨው ደግሞ ከተሻለ ዕድሜ ጋር ተያይዞ ታይቷል። ያው የተተበተበ ቅርጽ ግን በልጅ ፓይሎሳይቲክ አስትሮሳይቶማ ውስጥ ሲገኝ የሞት ፍርድ አይደለም። የደም ሥሩን ብቻ የሚያጠቃ መድኃኒትም እስካሁን የሕሙማኑን ዕድሜ አላረዘመም።

ስለዚህ ስላይድ ፊት ስንቀመጥ «ይህ የደም ሥር ክፉ ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ «ይህ የደም ሥር በየትኛው ዕጢ ውስጥ፣ በማን ላይ ነው ያለው?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። መልሱን የሚጠብቁት ሰዎች ከላቦራቶሪው በር ውጭ ተቀምጠዋል። የመምህራኖቼንና የክፍል ጓደኞቼን አስተያየትና እርማት በአክብሮት እጠብቃለሁ።